እንዳታነሱት

ሰሚር አገር ጥሎ ከወጣ ወዲህ በእነሚስራ ቤት አንድ ሕግ ነበረ፤ የሰሚር ስልክ ሲጠራ ማንም አያነሳም።

ለሚሰማው ሰው እብደት ይመስላል፤ ግን ምክንያት ነበረው። ልጁ ሊቢያ ውስጥ ደላሎች ሰው ቆልፈው በሚያኖሩበት መጋዘን ነው ያለው። ከታሰሩት አንዱ ስልክ ደብቋል። ጠባቂዎቹ የስልክ ወሬ ከሰሙ ዱላው ለሁሉም ስለሚዳረስ ማንም አያወራበትም፤ ሚስኮል ብቻ ነው። ሰሚር አንዴ ደውሎ ይቆርጣል፤ «አለሁ» ማለቱ ነው። እናቱ ቀመሪያ አንዴ ደውላ ትቆርጣለች፤ «ደርሶኛል» ማለቷ ነው። ከዚያ እሱ አንዴ ይደግምና ስልኩን ያጠፋዋል። ይህችን የመጨረሻዋን ማንም አላስተማረውም፤ ከራሱ ያመጣት ናት። ቀመሪያ «እጄን መሳሙ ነው» ትል ነበር።

ሕጉን ያወጡት አባቱ በከር ናቸው፤ ያወጡትም ከራሳቸው ጥፋት ተምረው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስልኩ ሲጠራ አላስቻላቸውም፤ አንስተው «ሰሚር! ልጄ!» ብለው ጮሁ። ማዶ ግርግር ተሰማ፤ የሰው ጩኸትም ተሰማ፤ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ሚስኮል የሚባል ነገር ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ቀን ሲጠራ በከር ስልኩን አልጋው ላይ ወረወሩትና «እንዳታነሱት!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች ቃል በቤቱ ውስጥ ከሰላምታ እኩል ትነገር ነበር።

የሰሚር ታላቅ እህት ሚስራ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን በፊዚክስ እየሠራች ነው። የምታጠናውም ከሰማይ የሚመጣ ሚስኮል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከእኛ ጋላክሲ ውጭ፣ ለማሰብ ከሚከብድ ርቀት፣ ድንገት አንድ የሬዲዮ ብልጭታ ይመጣል፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ሳይቆይ ይጠፋል። ደዋዩ ማን እንደሆነ አይታወቅም። እስከዚያ ዓመት፣ እስከ ሁለት ሺህ ስምንት ድረስ፣ የተሰሙት ጥቂት ነበሩ፤ ሁሉም አንዴ ተሰምተው የቀሩ። ሚስራ በመመረቂያ ጽሑፏ ደዋዩ ሟች ነው ብላ ትከራከራለች። ስፋቱ ከልደታ እስከ ለገጣፎ ካለው መንገድ የማያልፍ፣ ክብደቱ ግን ከፀሐይ የሚበልጥ ኒውትሮን ኮከብ አለ እንበል። ሽክርክሪቱ ሲደክም ራሱን መሸከም ያቅተውና ተደርምሶ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ያን ጊዜ ዙሪያውን ይዞት የነበረው ማግኔታዊ ጉልበት ይበጠሳል፤ እኛ የምንሰማው ያንን የመጨረሻ ጩኸት ነው። የሞተ ደግሞ አይደግምም። ነገሯ ይኸው ነው።

ሚስራ ባመነችበት ነገር ግትር ናት፤ ባላመነችበት ደግሞ ይብስባታል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለእሷ የሥራ መመሪያ ነበር።

ሰኞ ዕለት መርዶው መጣ። ከሰሚር ጋር አብሮ የወጣው የሰንጋ ተራው ልጅ ኑሪ ጣሊያን ደርሶ ደወለ፤ እያለቀሰ ነበር። ሁለት ጀልባ አንድ ላይ ተነስቶ እሱ የነበረበት ሲተርፍ የፊተኛው ባሕር ላይ ተገለበጠ። «ሰሚር የፊተኛው ላይ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። በዓይን ታየ ከተባለ ምን ይባላል? ከሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ሥር ድንኳን ተተከለ። ቤቱ ፈርሶበት ከተማው ዳር ድረስ የተበተነው የድሮው የልደታ ጎረቤት ሁሉ ተጠራርቶ መጣ። በከርና ቀመሪያ ወንድ ልጅ ያላቸው እሱኑ ብቻ ነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ ቀመሪያ እንቅልፍ ካጣች ቆይታለች፣ አሁን ደግሞ አንዱንም አጣች።

ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ሴቶቹ ቤቱን ሞልተው ሳለ፣ የቀመሪያ ስልክ አንዴ ጠርቶ ተቋረጠ።

 ቀመሪያ ከፍራሹ ላይ እንዴት እንደተነሳች ያየ የለም፤ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ «ልጄ ነው! ያ አላህ፣ ልጄ ነው!» ትላለች። ሚስራ ከእጇ ፈልቅቃ ወሰደችና አየችው። ቁጥሩ የድሮው አይደለም። የአገሩ መለያም የሊቢያ አይደለም።

«እማ፣ እነዚህ ሌቦች ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «ከውጭ አንዴ ደውለው ይቆርጣሉ፤ አንቺ መልሰሽ ስትደውዪ ያነሱና ካርድሽን ይበሉታል። ባለፈው ዘይቱናን አላደረጓትም?»

ጎረቤታቸው ዘይቱና ከማዶ ራሷን ነቀነቀች። «እውነቷን ነው ቀመሪያዬ። እኔንማ ሙልጭ ነው ያደረጉኝ።»

«አንዴ ልመልስለት» አለች ቀመሪያ። «አንዴ ብቻ።»

«ብትመልሺና ቢነሳስ? አንድ የማታውቂው ሰው ሄሎ ቢልሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

ቀመሪያ ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ሚስራ ስልኩን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ በሩን ቆለፈች፤ ቁጥሩን ብሎክ አደረገችው። እናቷን ከውሸት ተስፋ የጠበቀቻት መስሏት ነበር። የሠራችውንም ለማንም አልተናገረችም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አማካሪዋ ዶክተር ዓባይነህ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ብቻ ለቅሶ ቤት አፋቸውን የት እንደሚያኖሩት አያውቁም። «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» የምትለዋን ታክሲ ውስጥ ሲለማመዷት እንደመጡ ታስታውቃለች። እሷን አሉና ጨረሱ፤ ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር። ሚስራ ሻይ ይዛላቸው ወጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሚስራ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉ፤ እንዲህ የሚል ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ግን ቀጠሉ። «ደግሟል።»

«ምኑ?»

«ብልጭታው። ከዚያው ከአንዱ ቦታ ደጋግሞ መጥቷል። አጥኚዎቹ ትልቁን አንቴና መልሰው ወደዚያው ቢያዞሩት ሲደውል አገኙት። ታትሞ ወጥቷል፤ አንብቤዋለሁ። ጽሑፍሽን መንካታችን አይቀርም።»

ሚስራ ዓይኗን ወደ ድንኳኑ በር መለሰች። 

«የሞተ አይደግምም ብለሻል፤ ትክክል ነሽ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንግዲህ ይሄኛው አልሞተም ማለት ነው። እኔ ማግኔታር ነው እላለሁ። ያረጋገጠው የለም፤ ግን አስቢው። ወጣት ኒውትሮን ኮከብ ነው፤ ማግኔታዊ ጉልበቱ ከሌሎቹ ሁሉ የበረታ። ያ ጉልበት ከውስጥ ሆኖ የኮከቡን ቅርፊት ይወጥረዋል፣ ይወጥረዋል፤ ቅርፊቱ አልችል ሲል ይሰነጠቃል። በዙሪያው ያለው ማግኔታዊ ኃይል ይናወጥና ብልጭ ይላል። ጭንቅ ነው እንጂ ሞት አይደለም። ኮከቡ ይተርፋል። ውጥረቱ እንደገና ይጠራቀማል፤ ሲብስበት እንደገና ይደውላል።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልተሰማም?»

«ማን ያዳምጠው? አንዴ እንሰማና 'በቃ አለቀ' ብለን አንቴናውን ወደ ሌላ እናዞራለን። እሱ ሲደውል ኖሮ ይሆናል። ጆሯችንን የዘጋነው እኛ ነን።»

ምስኪን፣ እሳቸው የሚያወሩት ስለ ኮከብ ነው። ሚስራ ግን ማክሰኞ የዘጋችውን ቁጥር አሰበች። ብርጭቆው በክንዷ ተገፍቶ ሻዩ ሱሪያቸው ላይ ፈሰሰ፤ ይቅርታ እንኳ ሳትል ተነስታ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

ስልኩን ከእናቷ ራስጌ አንስታ ብሎኩን ፈታችው። ስልኩ ርካሽ ነው፤ የከለከለውን ጥሪ አያስቀምጥም፤ በነዚያ ቀናት ተደውሎ እንደሆነና እንዳልሆነ ማወቂያ መንገድ አልነበረም። ወዲያው ደወለች። አንዲት ሴት በዓረብኛ ረጋ ብላ የሆነ ነገር አለችና መስመሩ ተዘጋ። እንደገና ሞከረች፤ ያችው ሴት ናት። ማዶ ያለው ስልክ ዝግ ነው።

ቀመሪያ ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ ታያት ነበር።

«እማ» አለች ሚስራ። «ቁጥሩን ዘግቼው ነበር። ከማክሰኞ ጀምሮ። ቢደውልም አይገባም ነበር።»

ቀመሪያ ልትመታት እጇን አነሳች፤ እጇ ግን አየር ላይ ቀረ። «እኔ ባሕሩን ስረግም» አለች፣ «በር የተዘጋበት ከገዛ ቤቱ ነው?» ሚስራ እግሯ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከሰኞ ጀምሮ ብዙ አልቅሳለች፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነበር፣ ጥፋት አለበትና። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው።

በከር ሲነገራቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ዕድሜያቸውን ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ሱቃቸው የጠበቆች ካባ ሲሰፉ ነው የኖሩት። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ ሰው ቆሞ እንዴት እንደሚያልቅ በየቀኑ ያያሉ። ለእሳቸው ከክፉ ፍርድ ያልተፈረደ ነገር ይብሳል።

«ነገ ከጁምዓ በኋላ ሶላተል ጋይብ ይሰገድለታል» አሉ። «ለኢማሙ ነግሬያቸዋለሁ።»

ሬሳው ላልተገኘ ሟች በሌለበት የሚሰገድ የጀናዛ ሶላት ነው። እሱ ከተሰገደ አለቀ። ድንኳኑ ይነሳል፤ ሰሚር በአላህም በሰውም ፊት ሟች ነው፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ይዞ የሚጠብቀው አይኖርም።

«አባባ፣ ትንሽ ይታገሱ» አለች ሚስራ። «ጀልባ ተገለበጠ ማለት ሁሉም ሞተ ማለት አይደለም። ዓሣ አጥማጅ አውጥቶት ሌላ አገር፣ ሌላ ቤት ተቆልፎበት ይሆናል። ቁጥሩ የተለወጠው ለዚያ ቢሆንስ? ከደወለ መልሼ እደውላለሁ። ሌባ ከሆነ ያነሳል፤ እንጀራው ነው። ሰሚር ከሆነ አያነሳም፤ መልሶ ደውሎ ይቆርጣል። ያንን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።»

የበከር ዓይን እንባ ሞላ። «ቢነሳስ?» አሉ። «ልጄን ሁለቴ ልቅበረው?» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ያን ዕለት ማምሻውን መብራት ጠፋ። ዓርብ ጠዋትም አልመጣም። የኮንዶሚኒየሙ ሰው ሁሉ ስልኩ ሞቶ ይራገማል፤ የቀመሪያ ስልክ ባትሪው መጨረሻው መስመር ላይ ነው። ሚስራ ልትደውልበት ፈርታ፣ ሰዓት እንኳ ልታይበት ፈርታ፣ በመሐረብ ጠቅልላ ይዛዋለች። ታች የእድሩ ሰዎች ከሶላት መልስ ድንኳኑን ቶሎ ለማንሳት ገመዱን ካሁኑ ማላላት ጀምረዋል። እያንዳንዱ ካስማ ሲነቀነቅ ቀመሪያ ከላይ ትሰማዋለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች።

መስጊድ ሲገቡ እናትና ልጅ በሴቶቹ በኩል ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ፣ ንዝረቱ ብቻ ቀርቶ፣ ሚስራ መዳፍ ውስጥ ነው። ኢማሙ ስለ ትዕግሥት ይናገራሉ። ሚስራ አንዱንም አልሰማችም። ጆሯቸውን ባዶ ሰማይ ላይ ደቅነው ዓመት የሚጠብቁትን ሰዎች አሰበች፤ እንዴት እንደማያብዱ ገረማት። በልቧ የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ ባትሪው እስኪደወል ይቆይ፣ ከዚያ ወዲያ ይሙት።

የኢማሙ ስብከት፣ ኹጥባው፣ ሊያልቅ ሲል መዳፏ ነዘረ። አንዴ። ቆመ።

ቀመሪያ ክንዷን ጨመደደቻት። ጉልበት ለጉልበት እየተረማመዱ ወጡ፤ አንዲት አሮጊት «በኹጥባ ሰዓት! ምን ዓይነት ዘመን ነው!» ብለው ተቆጡ። ለሶላት በሚታጠቡበት በውዱእ ማድረጊያው ቧንቧ ዘንድ ቆመው መሐረቡን ፈቱት። ያው ቁጥር ነው።

«ደውዪ» አለች ቀመሪያ። 

ሚስራ ጫነችው። በዚህ ጊዜ ያቺ የዓረብኛዋ ሴት የለችም። ማዶ ጠራ።

ስልክ የሚደውል ሰው ሁሉ እንዲነሳለት ይመኛል። እነዚህ ሁለት ሴቶች ግን እንዳይነሳ ይለምኑ ነበር። «እንዳታነሳው» ትላለች ሚስራ በሹክሹክታ፣ «ማንም ሁን፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እንዳታነሳው።» እንደገና ጠራ። ሕጉ አንዴ ነው፤ ጣቷ ሊቆርጠው ሄደ፤ መለሰችው። ሌባ ከሆነ ያንሳ፣ ጊዜ ልስጠው ብላ ነው። እንደገና ጠራ። ቀመሪያ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። እንደገና ጠራ፤ ማንም አላነሳም። ሚስራ ቆረጠችው።

አለመነሳቱ ብቻውን ግን ምን ይሆናል? በኪሱ ረስቶት የሄደ ሰውም አያነሳም። የቀረው የእሱ መልስ ነው። ወይ ይመጣል፣ ወይ አይመጣም።

ውስጥ የሶላቱ መነሻ ጥሪ፣ ኢቃማ፣ ተደረገ፤ የጁምዓው ሶላት ተጀመረ። በድምፅ ማጉያው ቁርአኑ ይሰማል፤ ስልኩ ዝም። ለሩኩዕ ጎንበስ ተባለ፣ ለሱጁድ ግንባር መሬት ነካ፤ ስልኩ ዝም። የባትሪው ምልክት ቀይ ሆኖ ይርገበገባል። «ይደግማል» ትላለች ቀመሪያ፣ «አንዴም ሳይደግም ቀርቶ አያውቅም፣ ይደግማል»፤ ድምፅዋ ግን እየሰለለ ሄደ። ሚስራ ይህን ያህል ፈርታ አታውቅም። እሷ ናት ይህችን ተስፋ ከሞት ቀስቅሳ እናቷ እጅ ላይ ያስቀመጠቻት። አሁን መልሶ ከወደቀ፣ አባቷ እንዳሉት፣ ልጁን ሁለቴ ያስቀበረች እሷ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ።» ሶላቱ አለቀ።

ኢማሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጀመዓው እንዳይበተን። ባሕር ላይ ለቀረው ወንድማችን፣ ለሰሚር በከር፣ ሶላተል ጋይብ እንሰግዳለን። ተነሱ፣ ሰልፉን አስተካክሉ።»

የወንዶቹ መነሳት እስከ ውጭ ተሰማ። ቀመሪያ ቧንቧውን ይዛ ቁጭ አለች።

ስልኩ ነዘረ። አንዴ። ቆመ። ከዚያ ባትሪው አለቀና ጠፋ።

«እጄን ሳመኝ» አለች ቀመሪያ።

ሚስራ ሮጠች። የወንዶቹ በር ላይ የተቆለለውን ጫማ ረግጣ፣ ሴት ልጅ በማትቆምበት ደፍ ላይ ቆማ «አባባ!» ብላ ጮኸች። «አባባ! አባባ!»

ሰልፉ ሁሉ ዞረ። በከር ፊተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ፤ እጃቸው «አላሁ አክበር» ለማለት፣ ለተክቢራ፣ ወደ ጆሯቸው ተነስቷል። ልጃቸውን አይተው እጃቸውን አወረዱ። ሰዉን በትከሻቸው እየገፉ መጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ማን ደወለ ብለው አልጠየቁም።

«ተነሳ?» አሉ።

«አልተነሳም አባባ! እኔ ቆረጥኩት። መልሶ ደወለና ቆረጠ።»

በከር የበሩን መቃን ያዙ። ከኋላቸው ጉርምርምታው ተነሳ፤ ነገሩ ከረድፍ ወደ ረድፍ ተላለፈ።

«ታዲያ ስልክ ስጧትና ደውላ ታናግረው እንጂ!» አለ አንድ ወጣት፣ የራሱን ስልክ ከኪሱ እያወጣ።

«እንዳትደውሉ!» ብለው ጮሁ በከር፤ በአላህ ቤት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቷቸው የሚያውቅ የለም። «እንዳትደውሉ! ቢጠራም እንዳታነሱት! ልጄን ታስመቱብኛላችሁ!»

ኢማሙ የሟቹ ስም የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።